ሼኩዌ ዛፍ የሆነ ቀን

በላሙ ደሴት ጀልባ ነጂው ሼኩዌ ጀልባዋን ከነተሳፋሪዋ ጭቃ ላይ ሲያስቀምጥ ያላየ የለም። አባቱ «ጨዋታ የፍየል ሥራ ነው» ብለው የወተት ጥርሱ ሳይወልቅ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ጎለቱት። እኩዮቹ ከኮኮናት ልጣጭ ጀልባ እየሠሩ፣ ተራ እየጠበቁ፣ በተራ እየተጣሉ ሲያድጉ እሱ ቁጥር ይሸመድድ ነበር። ፍሬው ይኸውና፦ ሁሉን የሚያውቅ፣ መጠበቅ ብቻ የማያውቅ ጎልማሳ። ከተማው ግን አባትየውን ዛሬም «ጠቢብ» ይላቸዋል። ጥበብ እንዲህ ከሆነ ፍየሏም ትሾም።

ወደ ጎረቤቱ ፓቴ ደሴት የሚያሻግረው ጠባብ መተላለፊያ ጀልባ የሚያሳልፈው ባሕር ሲሞላ ነው። ይህን ድመቶቻችንም ያውቃሉ። ሼኩዌ ግን ውኃው ሳይመጣ ይገባል፤ ተሳፋሪው ማንግሮቭ በሚባሉት የጨው ውኃ ዛፎች መሀል ተጎልቶ ከሸርጣን ጋር ይተያያል። የጀልባዋ ባለቤት አጎቱ ፋማዉ በመጨረሻ ቁርጡን ነገሩት፦

«አርብ ከሶላት በኋላ መጥቼ የመሪውን እንጨት እወስዳለሁ። ለሌላው ጀልባ ነጂ ለባካሪ ነው የምሰጠው። እሱ ቢያንስ እንቅልፋም ነው፤ ውኃው እስኪሞላ ይተኛል።»

አርብ ባሕሩ እንደ ወተት ረግቶ፣ ሰማይና ውኃ ተቀላቅለው ዋሉ። ሼኩዌ ዳርቻው ላይ ሲንቆራጠጥ ትንሿ ልጁ ምዋናሃዋ የኮኮናት ጀልባ ከያዙ ጓደኞቿ መሀል ጠራችው።

«አባ፣ ለጨዋታችን ዛፍ ጎድሎናል። ናና ቁም።»

«ሥራ አለኝ።»

«መሪህን ሊወስዱብህ አይደል? የምን ሥራ?»

ልጆቹ ሳቁ። ሼኩዌ ሱሪውን ሰብስቦ ወደ ውኃው ዳር ገባ።

«ውኃው ጉልበትህ ጋ ሳይደርስ ከተነቃነቅክ ጀልባዎቻችን ይሰጥማሉ። ደግሞ ዛፍ አያወራም» አለችው ልጁ።

ውኃው ቁርጭምጭሚቱን ዳሰሰ። ደቃቅ ዓሦች በጣቶቹ መሀል እየሾለኩ አለፉ። እግሩ ሊሮጥ ባሰበ ቁጥር በልቡ «ዛፍ ነኝ» ይላል፤ የአባቱ አለንጋ ያልገራው እግር እሺ ይላል። ቀስ በቀስ ከተረከዙ የዛፍ ሥር የሚወርድ፣ ቀዝቃዛውን አሸዋ የሚጠጣ መሰለው።

ፋማዉ መጡ። «ሼኩዌ፣ ውጣ። እንጨቱ የታለ?»

ሼኩዌ ዓይኑን ከውኃው አልነቀለም።

«አንተን እኮ ነው።»

«ዛፍ አያወራም፣ አያቴ» አለች ምዋናሃዋ። «ውኃው ጉልበቱ ጋ ይድረስ።»

«እሱ ነው የሚጠብቀው? እስቲ ልየው።»

ጫማቸውን አውልቀው አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ጥላዎች ረዘሙ፤ ውኃው ሳይቸኩል ከፍ አለ። ጉልበቱን ሲነካ ልጆቹ ጀልባዎቻቸውን በእግሮቹ መሀል ለቀቁ።

ሼኩዌ ያኔ ዞረ። «እንጨቱ ቤት ነው፣ አጎቴ። ላምጣው?»

«አንተው ጋ ይቀመጥ» አሉ ፋማዉ፣ አሸዋውን ከሽርጣቸው እያራገፉ። «ነገ ግን ልጅቷም ትሳፈር።»