ባለቤቴ ይሰማል ያልኩ ቀን

ሕመሙ የጀመረው ሚዛን ላይ ነው። ባለቤቴ ሰይድ ኮምቦልቻ ባለችው ወፍጮ ቤታችን የአንዲት ደንበኛን ማሽላ ሁለት ጊዜ መዘነ፤ ሦስተኛ ሊመዝን ሲል አብሮት የሚሠራው ወንድሙ እንድሪስ ያዘው። ራሴን አመመኝ አለ። በማግስቱ ትኩሳት፣ ከዚያ መንዘፍዘፍ። ደሴ ወጥተን ሆስፒታል ስንደርስ አይናገርም ነበር።

«ኢንሰፋላይቲስ ነው፤ የአንጎል ብግነት» አሉን ሐኪሙ። ኮማ ውስጥ ገባ።

በአሥራ አንደኛው ቀን አንጎሉ ይሠራ እንደሆነ ለማየት የመስማት ነርቭ ምርመራ አዘዙለት። ጆሮው ላይ ድምፅ ይለቀቃል፤ ራሱ ላይ የተለጠፉት ሽቦዎች የአንጎሉን ምላሽ ወረቀት ላይ በሞገድ ያወጣሉ።

«ከመታመማቸው በፊት ጆሯቸው ደህና ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

ሞገድ አልወጣም። ቀጥ ያለ መስመር ብቻ። «ጥሩ ምልክት አይደለም፤ የሚነቁ አይመስለኝም» አሉ። አልገባኝም። ልቡ ይመታል። እጁ ይሞቃል። ታዲያ እንዴት? ሽማግሌዎቻችን ግን ቤቱ ገብቶ በዘመድ መሀል ይሙት አሉ። ነርሷ በፈቃዳችን እንደምናስወጣው የምፈርምበትን ወረቀት አመጣች። እስክርቢቶ ያዝኩ። ከመፈረሜ በፊት ጎንበስ ብዬ ጆሮው ላይ ጮኬ ጠራሁት።

ሊሸከመው የመጣው እንድሪስ እንባውን እየጠረገ «አንቺ ደግሞ! በደህናው ቀን ያልሰማሽ ዛሬ ሊሰማሽ ነው? ወላሂ፣ ጆሮውን የወፍጮው ጩኸት ከበላው ስንት ዘመኑ! እኛ ሥራ ላይ በእጅ ምልክት አይደል የምንግባባው?» አለኝ።

ክው አልኩ። ቤታችን ሁሉም ሰው ጮኾ ነው የሚያወራው። የወፍጮ ቤት ሰው ጠባይ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ፤ ለካ እሱ እንዲሰማ ኖሯል።

ሐኪሙ ጋ ሮጥኩ። ነገሩን ስነግራቸው ወረቀቱን መልሰው አዩት። «ከጆሮ የሚነሳው የመጀመሪያው ሞገድም የለም። ድምፁ ጆሯቸውን ካላለፈ ይህ ውጤት ስለ አንጎላቸው ምንም አይነግረንም» አሉ።

«እና ይነቃል?»

«አላውቅም፣ እህቴ። አይነቁም ማለት ግን አልችልም።»

ይሄኛው ከፊተኛው ይበልጥ ግራ አጋባኝ። ግን አልፈረምኩም።

ሐኪሙ ከዚያ ወዲያ ድምፁን ትተው ቆንጠጥ እያደረጉ፣ ዓይኑ ላይ ባትሪ እያበሩ ይከታተሉት ጀመር፤ በሳምንቱ ሲቆነጥጡት እጁን ሰበሰበ፣ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ፣ ከዚያም እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ካለው የእህቴ ቤት በባጃጅ ፊዚዮቴራፒ እየተመላለስን፣ መጀመሪያ ማንኪያ መያዝ፣ በኋላም ግድግዳ ተደግፎ መራመድ ቻለ።

የመጀመሪያ ግምታቸውን ለማረም ያላፈሩትን ሐኪም አላህ ይስጣቸው። ሁሉም ይነቃል ብዬ አላታልላችሁም። ግን ስለ በሽተኛችሁ ጆሮ ስትጠየቁ አብሮት የሚሠራውንም ጠይቁ፤ ውጤት ሲነገራችሁም «ሌላ ነገር ሊያመጣው ይችላል ወይ?» ለማለት አትፍሩ።

ሰይድን ዛሬም ስጠራው አይዞርም። እኔም መጮኹን ትቻለሁ፤ ሄጄ ትከሻውን እነካዋለሁ።