የሮማንን እናት ስም ፍለጋ ወደ ፒያሳ

ዓርብ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ

ባቡሩ ሲያፏጭ ገና በደንብ አልነጋም። ከጦርነቱ ወዲህ ጣቢያው ላይ የሚበራው አንድ አምፖል ነው። ሦስተኛ ማዕረግ፣ የእንጨት ወንበር፣ ከእግራችን ሥር ዶሮና የሽንኩርት ዘንቢል። እኔ የያዝኩት የይለፍ ወረቀቴንና አንድ ደብተር ነው። ያን ጊዜ ይህን ጽሑፍ ለማንም ላሳይ አልደፈርኩም፤ ደብተሩን ግን አልጣልኩትም።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ባለፈው ክረምት መግቢያ ሰፈራችን ላይ ሮኬት ወደቀ። ሰፈሩ የልብስ ሰፊዎችና የባቡር ሠራተኞች ነው፤ ወታደር የሚባል አልነበረበትም። በማግሥቱ ፍርስራሹ አጠገብ ቆሜ የሞተውን፣ የቆሰለውን፣ ቤት የፈረሰበትን የመዘገብኩት እኔ ነኝ። የእድራችን ጸሐፊ አቶ ሽብሩ የእኔን ዝርዝር በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ገለበጠና ከሥሩ የራሱን ስም ፈረመበት። ምስጋና አልፈለግሁም። ፊርማዬን ግን እፈልገው ነበር።

ከሟቾቹ መካከል አንዷን አቶ ሽብሩ «አንዲት ሴት፣ ስሟ ያልታወቀ» ብሎ ጻፈ። ሴትየዋ ከእኔ ጋር በአንድ ግድግዳ አሥራ አንድ ዓመት የኖረች ናት። እኔም ስሟን አላውቅም። ሁላችንም የሮማን እናት ነው የምንላት። ተከራይ ስለነበረች እድሩ መዝገብ ውስጥ የለችም፤ መታወቂያዋም ከቤቷ ጋር ተቃጥሏል። አዲስ አበባ ያለው የተጎጂዎች መዝጋቢ ጽሕፈት ቤት ሙሉ ስሟና በዚያ ቤት መኖሯን የሚያሳይ ወረቀት እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ካልቀረበ ከዝርዝሩ ትወጣለች ብሎ ጻፈልን።

«አንድ መስመር አይደለም እንዴ፤ ይሰረዝ» አለ አቶ ሽብሩ።

ሄጄ ቲኬት ቆረጥኩ። የምንዋደድ እንዳይመስላችሁ። የጣሪያዋን ውሃ በእኔ ግድግዳ ሥር ስትለቅብኝ ነው የኖረችው።

ዓርብ፣ እኩለ ቀን፤ አዋሽ

ሙቀቱ አናት ይበሳል። ሴቶች የተቀቀለ እንቁላል በመስኮት ይዘረጋሉ፤ ሁለቱ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ ጨው በነፃ። አንድ ፈታሽ ወታደር ደብተሬን ገለጠ።

«የምን ዝርዝር ነው?»

«ሮኬት የገደላቸው ሰዎች።»

በሁለት እጁ አድርጎ መለሰልኝ። ወደሚቀጥለው ፉርጎ እስኪያልፍ ድረስ ዞሮ አላየኝም።

ዓርብ፣ አመሻሽ፤ ከለገሃር ወደ አራዳ

ሴቼንቶ የሚሉት ትንሹ ፊያት ታክሲ በቴዎድሮስ አደባባይ በኩል ዳገቱን እያቃሰተ ወጣው። ሾፌሩ አፉ አያርፍም።

«እትዬ፣ ድሬ እንዴት ናት?»

«አለች።»

«ካለች ምን ጎደለ! እኛም እዚህ፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስብን ቤታችን ለመግባት ስንሮጥ ሯጭ ሆነናል።»

ፒያሳ ሁለት ብር ተኩል የሚከፈልበት አልጋ ይዤ አደርኩ። አንሶላው ንጹሕ ነበር፤ ያንን መካድ አልችልም።

ቅዳሜ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፤ ፒያሳ

ስለ ሮማን የማውቀው ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት እንደምትሠራና የእናቷ መርዶ እንደደረሳት ብቻ ነው። ፀሐይ የወርቅ ቤቶቹን መስኮት ትመታለች። የጋዜጣ ሻጩ ይጮኻል፤ ከጊዮርጊስ የሚመለሱ ሴቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ይወርዳሉ። የመጀመሪያው ኬክ ቤት ሮማን የሚባል ሰው የለም። ሁለተኛው ጋ ለጨዋነት ያህል ኬክ አዘዝኩ።

«ስኳር የለውም እንዴ?»

«እትዬ፣ ስኳሩ ቀበሌ ሰልፍ ላይ ነው» አለኝ አስተናጋጁ። «ወረፋው ሲደርሰው ይመጣል።»

ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ ባለው ሦስተኛው ቤት ሮማንን ከባንኮኒው ኋላ አገኘኋት። ሠላሳ ዓመት ሊሆናት ነው፤ አገጯ ቁርጥ የእናቷ ነው። እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ታየኝ ስለነበር አወቀችኝ፤ ፊቷ ግን አልተለወጠም።

«ማኪያቶ ነው ሻይ?»

«ስለ እናትሽ ነው የመጣሁት።»

«ውሃው አሁንም ግድግዳዎን ያርሰዋል?»

ደብተሬን ባንኮኒው ላይ ከፈትኩ። በፎጣ ሸፈነችብኝ።

«ይዝጉት! ሰው መሃል የስም ዝርዝር ይከፈታል? አምና እንዲህ ያለ ወረቀት የያዙ ሰዎች ከዚያ ጠረጴዛ ሁለት ተማሪዎች አንሥተው ወስደዋል።»

«ይኼ የሞቱት ነው፤ ሮኬቱ የገደላቸው። እናትሽ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ልትሰረዝ ነው።»

ፎጣውን አንሥታ አነበበች። ስሟ ያልታወቀ የሚለው ላይ ጣቷ ቆመ።

«አሥራ አንድ ዓመት!» አለች። «እርስዎ የእናቴን ስም አያውቁም። እኔ ግን የእርስዎን ከነአያትዎ አውቀዋለሁ። አስካለ ወንድሙ በዳኔ። ልድገምልዎት?»

«ማን ነገረሽ?»

«ራስዎ ነዎታ! መጥሪያው ላይ!»

እዚህ ላይ አልሸሽም። የሮማንን እናት ስለ ውሃው በቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ከስሻት ነበር። ማመልከቻዬ ላይ «የሮማን እናት» ብዬ ነው የጻፍኩት። መጥሪያውን ያደረሰላት አብዮት ጥበቃ በሯ ላይ ቆሞ ሙሉ ስሟን ጠይቆ ሞላበት። እሷ ደግሞ መልስ የሚጽፍላት ሰው እንድትፈልግ ለልጇ ላከችው። ቀጠሮው ሳይደርስ ሮኬቱ ደረሰ።

«መጥሪያውን አልጣልሽውም?»

«እሱ ነው የቀረኝ ወረቀቷ።»

«የቤት ቁጥር አለው? ማኅተምስ?»

ዓይኗ ሰፋ። ሽርጧን ፈታች። «ጋሼ፣ መጣሁ!» ብላ ለባለቤቱ ጮኸች፤ መልሱን አልጠበቀችም።

ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት ተኩል፤ ውቤ በረሃ

ቡና ቤቶቹ በጠዋት ሌላ ሰፈር ይመስላሉ። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፤ በሩ ላይ የቢራ ሣጥን ተደርድሯል። ሮማን የምትኖርባት ክፍል ከግቢው ጫፍ ናት። መጥሪያውን ከብስኩት ቆርቆሮ አወጣች፤ ዘረጋችልኝ፤ ግን አልለቀቀችውም።

«ያን ቀን አይተዋታል?»

«ጠዋት አይቻታለሁ። ቦይ ትቆፍር ነበር፤ ውሃውን ከእኔ ግድግዳ ልታርቅ። ‹አሁን ገና!› አልኳት። ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።»

የመጥሪያውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳበሰች።

«ቦዩን ጨርሳዋለች?»

«ጨርሳዋለች። ክረምቱን ሙሉ ውሃው የወረደው በእሱ ነው። ጠብታ አልነካኝም።»

ወረቀቱን ለቀቀችው።

ቅዳሜ፣ አምስት ሰዓት ተኩል፤ መዝጋቢው ጽሕፈት ቤት

ከሲታው ጸሐፊ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ መጥሪያውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ይሰማል።

«ከሳሽ፣ ወይዘሮ አስካለ ወንድሙ በዳኔ። ተከሳሽ፣ ወይዘሮ አብረኸት ተስፋይ ሐጎስ። ጉዳዩ፣ የዝናብ ውሃ በከሳሽ ግድግዳ ሥር ስለመልቀቅ።» ቀና አለ። «በዚያ ቤት መኖሯን የሚመሰክረው ማነው?»

«እኔ።»

«ጓዲት፣ እርስዎ ከሳሿ ነዎት እኮ። ከሳሽ ለተከሳሽ ሲመሰክር አይቼ አላውቅም።»

«ከእሳቸው የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?» አለች ሮማን። «እናቴ አንድ ባልዲ ውሃ ስትደፋ እንኳ ያውቁ ነበር!»

ከኋላችን ሰው ሳቀ። ጸሐፊውም ሳቀ። «ስሟ ያልታወቀ» የሚለውን በማስመሪያ ሰርዞ ከበላዩ ሦስቱንም ስም ጻፈ። እኔ ከጎኑ ፈረምኩ። ሮማን መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበች፤ ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ።

ጸሐፊው ግን ገጹን ገልጦ የቁስለኞቹን ዝርዝር አሳየን። የገነት እናት፣ የሳሙኤል እናት፣ የከበደ ሚስት። የአቶ ሽብሩ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ!

«እነዚህስ ማን ማን ናቸው? እስከ ሰኞ እጠብቃለሁ።»

«መርዶዬን የነገሩኝ እነሱ ናቸው፤ ሦስቱም ለሕክምና መጥተው እዚሁ ፒያሳ ዘመድ ጋ ተጠግተዋል» አለች ሮማን። «ማታ እጠራቸዋለሁ።» እኔን አየችና «አሁኑኑ» አለች።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት፤ ሮማን ግቢ

የመመለሻ ቲኬቴን ወደ ማክሰኞ አዛወርኩ። ሴቶቹ መጥተው ፀሐዩ ላይ ተቀምጠዋል። ክንዷ የተቃጠለው ቀደመች።

«የገነት እናት ብለሽ ጻፊኝ፤ ሁሉ ያውቀኛል።»

«እዚህ አገር ማንም አያውቅሽም። ስምሽን።»

«በላይነሽ አሰፋ ይርጉ።» አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «ኧረ ባሌ እንኳ በዚህ ስም ጠርቶኝ አያውቅም!»

የከበደ ሚስት ስሟን ከነአያቷ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች፤ በትክክል መጻፌን ለማየት በትከሻዬ በኩል ጎንበስ አለች። የሳሙኤል እናት ክራንቿን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ስሟንና የአባቷን ስም ነገረችኝ። አያቷ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ቆይ፣ ቆይ… አፌ ላይ ነው። ነጭ ጢም ነበረው። በቅሎ ይወድ ነበር።»

«ባዶውን እንለፈው?» አለች ሮማን።

«አይታለፍም» አልኩ፤ እስክሪብቶዬን ይዤ ጠበቅኋት።