የብሩክ ሸሪክ

ከደብረ ብርሃን በወጣንበት ማታ እናታችን አላለቀሰችም። ለቅሶውን ለአክስቶቻችን ትታ እኔን ጓዳ አስገባችኝና በሩን በጀርባዋ ዘጋችው።

«ብሩክን አደራ» አለችኝ። «ይማር አይማር የራሱ ጉዳይ ነው። ብቻውን እንዳይሆን። አደራ ብያለሁ፣ ሰማሽ?»

ለእኔ ዲቪ ደርሶኝ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ ብሩክ ደግሞ በዚያው ሰሞን የትምህርት ቪዛ አግኝቷል። እናት አደራ ስትል እምቢ የሚባልበትን መንገድ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ እኔ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ሲያትል ስንገባ የተቀበለን ዝናቡ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ቢሰብርም ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትወጣ አፍሮ ይሄዳል። ይሄኛው ግን አይጥል፣ አያባራ፤ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ዝም ብሎ አጠገባችሁ ይቆማል።

ሬኒየር ቫሊ ውስጥ ምድር ቤት ተከራየን። አከራያችን ሊንዳ የምትባል ሸበቶ ሴት ናት። ቁልፉን ስታስረክበን «ላይ ቤት የምንኖረው እኔና ፓርትነሬ ካሮል ነን» አለች። እኔ በተማርኩት እንግሊዝኛ ፓርትነር ማለት የንግድ ሸሪክ ነው። ነጋዴ ከሆኑማ ሥራ አያሳጡኝም ብዬ ደስ አለኝ።

«ምንድን ነው የምትነግዱት?» አልኳት።

«ማን?»

«አንቺና ካሮል።»

ሊንዳ ብሩክን አየችው፤ ብሩክ መሬት መሬት አየ። «ምንም አንነግድም» አለች።

«ታዲያ ሽርክናው በምንድን ነው?»

«በሁሉም ነገር» ብላ ሳቀች። «እስካሁን አልከሰርንም።»

ደረጃውን ስንወርድ ብሩክ ነገሩን አስረዳኝ፤ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ነው የሚኖሩት። አማተብኩ። ለብዙ ቀን ከላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ሳማትብ ከረምኩ። ከዚያ ጉንፋን ጣለኝና ካሮል ሾርባ ይዛልኝ መጣች። ሾርባው ጨውም በርበሬም የማያውቅ ነገር ነበር፤ ቢሆንም ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ ታምሜ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ማማተቡን ተውኩት። ብሩክ ይህን ሁሉ ጊዜ ፊቴን ፊቴን ያይ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

እኔ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባሁ። ብሩክ ተመርቆ ሥራ ያዘ። አንድ ቀን ወጥ ስሠራ መጣና «ከፓርትነሬ ጋር ሊንውድ ከተማ ቤት ልንይዝ ነው» አለኝ፤ በደህናው አማርኛ መሀል ያቺን አንድ ቃል ሰንቅሮ። ስሙ ኬን እንደሆነም ነገረኝ። ምን ትነግዳላችሁ ብዬ አልጠየቅኩም። ተናደድኩ፣ ፈራሁ፣ ደግሞ አሳዘነኝ፤ ሽንኩርቱ አረረ።

እሑድ ለእናቴ ስደውል «ብቻውን ነው እንዴ የሚኖረው?» አለች።

«አይ፣ ከሸሪኩ ጋር ነው።»

«ሸሪክ? ነጋዴ ሆነ?»

«ትንሽ ትንሽ ይሠራሉ።»

ጉድ ፈላ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ «ሸሪኩ ደህና ነው? እንዳያጭበረብረው!» ትለኛለች። ሽርክናው ከሰመረ ለሚካኤል ጃንጥላ አስገባለሁ ብላም ተሳለች።

እንዲህ እያልን ሳለን ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት እንዲጋቡ የሚፈቅደው ሕግ ወጣ። ተቃዋሚዎች ነገሩ ለሕዝብ ድምፅ ይቅረብ ብለው ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን በር ላይም ጋሽ ታደሰ ወረቀት ይዘው ቆሙ።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ እዚህ ጋ ሳይን አድርጊ።»

«እኔ እኮ ሲቲዝን አይደለሁም፣ ጋሽ ታደሰ።»

«የሲቲዝንሽፕሽን ኬክ በቀደም አልበላንም እንዴ? መርቄ የቆረስኩት እኔ!»

«መነጽሬን አልያዝኩም።»

«መነጽር ታደርጊያለሽ?»

«ልገዛ ነው።»

ጋሽ ታደሰ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሶ ወንድምሽስ? ከጠፋ ቆየ። ናፍቆኛል በይልኝ።» ክፉ ሰው ቢሆኑ በቀለለኝ። ከኤርፖርት የተቀበሉን፣ ብሩክን መኪና መንዳት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሰው በአንድ አፉ እንዲህ ሲወድህና ሲያባርርህ የት ትገባለህ?

በመከር የድምፅ መስጫው በፖስታ መጣ። የትኛውን ክብ እንዳጠቆርኩ አልነግራችሁም፤ ግማሻችሁ ትመርቁኛላችሁ፣ ግማሻችሁ ስልክ ቁጥሬን ታጠፋላችሁ። ሕጉ አለፈ። ብሩክም መጣ።

«እትዬ፣ ቀን ልንቆርጥ ነው። ለጋብቻው የሚፈርሙ ሁለት ዊትነስ ያስፈልገናል። አንዷ የኬን እህት ናት።»

«ሌላ ሰው ጠፋ?»

«ሰውማ ሞልቷል። በእኔ በኩል ግን ማንም የለም።»

«እማዬ ብትሰማስ? አደራ ተብዬ የመጣሁት እኔ!»

«ምን ብላ ነው አደራ ያለችሽ?»

ጓዳ ውስጥ እሱ አልነበረም፤ እኔ ግን ነበርኩ። ብቻውን እንዳይሆን ነው ያለችኝ።

የአበሻ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። የምታጋባቸው ዳኛ ቃል ኪዳኑን አንብባ ስትጨርስ ሰዉ ጨብ ጨብ አድርጎ ዝም አለ። ይሄ ነው ሠርግ? አንጀቴ አልቻለም፤ ብቻዬን እልልታዬን አቀለጥኩት። ዳኛዋ ደንግጣ «ኦኬ ነሽ?» አለችኝ። ብሩክ እየሳቀ አለቀሰ።

እሑድ ለእናቴ ደወልኩ።

«ብሩክ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ባለቤቱስ? ደህና ናቸው?»

ያ ሁሉ እሑድ «ሸሪኩ ደህና ነው» ስትል የኖረች ሴት ዛሬ «ባለቤቱ» አለች! ባለቤት ወንድም ሴትም ይሆናል፤ ናቸውም እንደዚያው። ደግሞ እናቴ ለምራት አንቱ የምትል ሰው አይደለችም፤ የታላቅ ወንድሜን ሚስት እስካሁን «ያቺ» ነው የምትላት። ጋሽ ታደሰ ደውለው ይሆን? ሁሉን አውቃ አክብራው ነው ወይስ «ነው» ማለት ከብዷት አንቱታ ውስጥ ተሸሸገች? ማን ነገረሽ ልላት አፌን ከፍቼ ፈራሁ።

«ደህና ናቸው» አልኩ።

«ብቻውን አይደለም አይደል?»

«አይደለም፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ስለቴ ደርሷል። ጃንጥላውን ለሚካኤል አስገባሁላቸው በያቸው።»

እስከ ዛሬ በየእሑዱ እደውላለሁ፤ ዛሬስ እጠይቃታለሁ እያልኩ። ቀድማኝ «ደህና ናቸው?» ትላለች። «ደህና ናቸው» እላለሁ።