የተነጠቀው የስፖርት ክፍለ ጊዜ

ተማሪዎቿ «ፊሽካ» ነው የሚሏት። እውነተኛ ስሟን የማያውቁ ወላጆች ሞልተዋል። ከወጣትነቷ ጀምሮ በአንድ ትምህርት ቤት ስፖርት ስታስተምር የኖረች፣ አጭር፣ ደንደን ያለች፣ ነገር ማለሳለስ የማታውቅበት ሴት ናት። ሜዳው ጥግ ቆማ አንዴ ከነፋች አጥር ላይ የተንጠለጠለው ይወርዳል፣ የተያያዘው ይላቀቃል፣ በውጭ የሚያልፈው መንገደኛ እንኳ ክው ብሎ ይቆማል እየተባለ ይወራላታል። አላገባችም፤ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። እናቷ «ቤት ውስጥ እንዳትነፊብኝ እንጂ ሌላ ጠባይሽን ለምጄዋለሁ» እያሉ ይቀልዱባታል።

ወረርሽኙ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ለጥቂት ሳምንት ነው የተባለው ከዓመት በላይ ሆነ። በዚያ መሀል ራሷ ታመመችና ሆስፒታል ገብታ፣ ኦክስጅን ተደርጎላት ከረመች። በዚያው ሰሞን የትምህርት ቤቱ የሒሳብ መምህር እዚያው ሆስፒታል ሌላ ክፍል ተኝቶ ነበር። በእረፍት ሰዓት በሆነ ባልሆነው የሚከራከራት፣ ሲከፋት ግን ማንም ሳይነግረው የሚገባው የረጅም ጊዜ ጓደኛዋ ነው። እሷ ዳነች፣ እሱ ሞተ። ቀብሩ ላይ አልቆመችም፤ የነገሯትም ከአልጋ ከተነሳች በኋላ ነው።

ዳነች ይባል እንጂ ትንፋሿ እንደ ድሮው አልተመለሰም። ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ቆም ትልና ሰው ሲመጣባት ስልኳን የምታይ ትመስላለች። ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ስትመለስ ግን ያስደነገጣት የራሷ ጤና አልነበረም። ልጆቹ አይሮጡም። ለእረፍት ሲለቀቁ ሳሩ ጉልበት በደረሰበት ሜዳ ዳር፣ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። ኳስ ስትወረውርላቸው ትንሽ ይራገጡና ወዲያው ይጣላሉ። ጠቡም የልጅ ጠብ አይደለም፤ አንዱ የሌላውን ክንድ ነክሶ ደም አወጣ። ድሮ ለሰው ሁሉ መልስ የማታጣ አንዲት አፈኛ ልጅ ነበረች፤ አሁን ስሟ ሲጠራ እንኳ አቤት አትልም። አባቷ መሞቱን ፊሽካ የሰማችው ከትምህርት ቤቱ ጥበቃ ነው።

መምህራኑም ከልጆቹ አይሻሉም ነበር። የቋንቋ መምህርቷ እናቷን ቀብራ ነው የተመለሰችው። በሟቹ የሒሳብ መምህር ምትክ ሰው ስላልተቀጠረ የእሱን ክፍል ኃላፊነት ከራሷ ክፍል ላይ ደርበው ጫኑባት። ፊሽካ አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውሃ ከፍታ ስታለቅስ አገኘቻት።

«ውሃውን ለምን ከፈትሽው?»

«እንዳይሰማ ነዋ።»

«እስቲ ዝጊው። ከተሰማ ይሰማ!» አለቻትና አብራት ቆመች።

እንዲህ ባለው ሰሞን ነው ርዕሰ መምህሩ መምህራኑን ሰብስበው ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የመጣውን ትእዛዝ ያሰሙት። የባከነውን ትምህርት ለማካካስ የስፖርት፣ የሥዕልና የሙዚቃ ክፍለ ጊዜዎች በሙሉ ለማካካሻ ትምህርት እንዲውሉ፣ እረፍቱም በግማሽ እንዲያጥር ተወስኗል። የስፖርት መምህርቷ በማካካሻው ሰዓት ኮሪደር ላይ እየተዘዋወረች ጸጥታ ታስከብራለች።

«ልጆቹ እኮ መጫወት ረስተዋል» አለች ፊሽካ። «ከዓመት በላይ ቤት ተዘግቶባቸው ከርመው አሁን ደግሞ ክፍል ልንዘጋባቸው ነው?»

«እኔ ምን ላድርግ እህቴ? ከላይ የመጣ ነው።»

«ከላይ ያለው ሰው መጥቶ አይቷቸዋል?»

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ክፉ ሰው አይደሉም። ፈሪ ናቸው፤ የፍርሃታቸውን ዋጋ ግን የሚከፍሉት ልጆቹ ነበሩ።

ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ለመምህራን የሥነ ልቦና ድጋፍ ይሰጣል ተብሎ አንድ ወጣት ባለሙያ ከጽሕፈት ቤቱ መጣ። ድጋፍ የተባለው የግማሽ ቀን ስብሰባ ነው፤ ያውም በእረፍት ቀናቸው። ባለሙያው ፕሮጀክተሩን አስተካክሎ ፀሐይ ስትወጣ የሚያሳይ ሥዕል ግድግዳው ላይ አበራና፣

«ዓይናችሁን ጨፍኑ። በረጅሙ ወደ ውስጥ ተንፍሱ። ጭንቀቱን ወደ ውጭ...» አለ።

ፊሽካ እንደታዘዘችው አየር ስትስብ ሳል ያዛት። ሳሉ አልለቅ ብሎ አዳራሹን አናወጠው። ሲለቃት ዓይኗን አብሳ፣ «አንተ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሳንባዬን አምጣልኝና ከዚያ እተነፍስልሃለሁ» አለችው። ሰው ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«እስካሁን ያንን ወንበር ያየ አለ?» አለች የሒሳብ መምህሩ ዘወትር ይቀመጥበት ወደነበረው ጥግ እያመለከተች። «ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ የዚያን ሰው ስም በስብሰባ ላይ ያነሳ አንድ ሰው አለ? ድጋፍ ካላችሁ በእሱ ምትክ መምህር ቅጠሩልን። ልጆቹን የሚያናግር ሰው ላኩልን። ይቺ የቋንቋ መምህርታችን እናቷን ቀብራ በሦስተኛው ቀን ጠመኔ ይዛለች፤ ለእሷ እረፍት ስጧት። ተንፍሱማ ማንም ይላል!»

«አሁን ወደፊት ነው ማየት ያለብን» አለ ባለሙያው፣ ፊቱ ቀልቶ።

«አንተ ወደፊት እይ። እኛ የሚያለቅሱ ልጆች ፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል።»

ስብሰባው ሲያበቃ ግን የፈረሙበት ወረቀት መምህራኑ ድጋፍ አግኝተዋል የሚል ነበር። እሷ አልፈረመችም።

የፈራችው ነገር የደረሰው አንድ የትምህርት ቀን ከሰዓት በኋላ በማካካሻ ክፍለ ጊዜ ነው። ሙቀት ነበር፤ ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ እንደተቀመጡ ናቸው። ኮሪደር ላይ ሳለች ከቋንቋ መምህርቷ ክፍል ጩኸት ሰማችና ሮጠች፤ መሮጥ ከተባለ። ስትገባ የተወረወረው የጠመኔ ካርቶን መሬት ላይ ተበትኗል፤ አንድ ልጅ ግንባሩን ይዞ ያለቅሳል፤ በሥራ ዘመኗ በልጅ ላይ እጇን አንስታ የማታውቀው መምህርት ደግሞ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ተቀምጣ፣ «ምን አደረግሁ? ምን ነካኝ?» ትላለች።

ፊሽካ የልጁን ግንባር አየች፤ ትንሽ ተልጧል እንጂ ክፉ አልነበረም። አቅፋ አባበለችው። መምህርቷን ብብቷ ሥር ይዛ አነሳቻት። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞራ፣ «ተነሱ። ደብተራችሁን ተዉት። ሜዳ ውጡ» አለች።

«ቲቸር፣ ተከልክሏል እኮ» አለ ከፊት የተቀመጠው።

«የከለከለው ይጠይቀኝ።»

ሳሩ መሀል ወጡ። እሷ መሮጥ ስለማትችል ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች። መጀመሪያ ተደናገራቸው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚሆን መከፋፈል እንኳ አቃታቸው። ተነታረኩ፣ አኮረፉ፣ ታረቁ። ቀስ እያለ ግን ጩኸቱ የጨዋታ ጩኸት ሆነ። ግንባሩ የተላጠው ልጅ ጎል አግብቶ፣ የመታችው መምህርት ጋ ሮጦ መጣና «አየሽኝ ቲቸር?» አላት። እሷም ጠጋ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀችው። ደክሟቸው ጥላ ሥር ሲቀመጡ ያቺ ዝምተኛዋ ልጅ ፊሽካ አጠገብ መጥታ ተቀመጠችና ማንም ሳይጠይቃት፣ «አባዬ ኳስ ያስተምረኝ ነበር» አለች። ሌላው ልጅ ስለ አያቱ ተናገረ። ሌላዋ ስለ አጎቷ። ተራ በተራ ወጣላቸው።

ከሌሎቹ ክፍሎች ተማሪዎቿን ይዛ የወጣች አንዲት መምህርት ብቻ ናት። የቀሩት በመስኮት ሲያዩ ቆዩ። ርዕሰ መምህሩ እየተቻኮሉ መጡ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ሥራዬን ልታሳጪኝ ነው?»

«እርስዎም ይቀመጡ» አለቻቸው። «ስሟቸው።»

አልተቀመጡም።

በማግስቱ ጥፋት ተብሎ ተጻፈባት። በዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ቀርባ፣ ትእዛዝ መጣሷን አምና፣ ሲመቻትም መልሳ እንደምትጥሰው ነገረቻቸው። ነገሩ ግን እዚያ አልቀረም፤ ልጆቹ ቤት ገብተው አውርተዋል። የዝምተኛዋ ልጅ እናት ስምንት ያህል ወላጆች አስከትለው ቢሮ ገቡ። «ልጄ ከስንት ወር በኋላ ቤት ገብታ ስላባቷ አወራችኝ። እስቲ ይህ ጥፋት ከሆነ ጥፋቱን ንገሩኝ!» ብለው ጠረጴዛ መቱ።

የወላጅ ጩኸት ሲበረታ ጽሕፈት ቤቱ ተለሳለሰ። ስፖርቱም ሥዕሉም በሳምንት ሁለት ቀን ተመለሰ፣ እረፍቱ ሙሉ ሆነ፣ ለቋንቋ መምህርቷም ፈቃድ ተሰጣት። በሒሳብ መምህሩ ቦታ ሰው ለመቅጠር ግን «በሂደት ላይ ነው» ከማለት በቀር ዛሬም ያለ ነገር የለም።

ፊሽካንስ? እሷን ከሜዳው አነሷት። ምክንያቱ ቅጣት አይባልም፤ «ጤናዋ ለስፖርት ስለማይበቃ» ነው የተባለው። ታማ ስትመለስ አንድ ቀን እንዴት ነሽ ያላላት መሥሪያ ቤት፣ ሳንባዋ ትዝ ያለው ከሜዳው ሊያባርራት ሲፈልግ ነው። ሥራዋን ለአንድ ወጣት መምህር ሰጥተው እሷን ቤተ መጻሕፍት አስቀመጧት። ወጣቱ ምስኪን ነው፤ አፍሮ ምን ላድርግ እያለ ሊጠይቃት ይመጣል፣ እሷም ታሳየዋለች። ከወር በኋላ ደግሞ ያ የሥነ ልቦና ባለሙያ ካሜራ ካነገቡ ሰዎች ጋር ተመልሶ መጣና፣ ጽሕፈት ቤቱ ለልጆቹ ማገገም ያመጣውን ለውጥ ለማሳየት ሜዳው ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ፎቶ እንድትነሳ ጠየቃት።

«ከእኔ ጋር ምን ታደርጋላችሁ?» አለችው። «እናንተ ናችሁ ሜዳውን የዘጋችሁት፣ እናንተው ፎቶ ተነሱበት።»

እናቷ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ ወዲያው ግን ሳቃቸው ጠፍቶ፣ «ልጄ፣ እንዲያው አቤት የሚባልበት ቦታ የለም?» አሏት። አለ። አቤቱታዋን አስገብታለች፤ እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። እስከዚያው ግን በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ቤተ መጻሕፍቱን ያጣብቡታል። መጽሐፍ የሚያነብ አለ፤ የሚበዙት ግን ሊያወሯት ነው የሚመጡት። በቅርቡ ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው፣ ቤተ መጻሕፍት ጸጥታ የሚጠበቅበት ቦታ ነው የሚል ማሳሰቢያ ከላይ መምጣቱን ነገሯት።

ቀና ሳትል፣ «እንግዲያው ይምጡና እነሱ ጸጥ ያሰኟቸው» አለቻቸውና ወሬውን ወደጀመረችላት ልጅ ዞረች። «እሺ የኔ እመቤት፣ ከዚያስ?»