ኻልቲ ሐሊማ የተሸከሙልኝ ባትሪ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ካሜራ አልነካሁም። አሚ ሳሌም ጅቡቲ ከተማ ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብላ ካለችው ስቱዲዮአቸው ጓዳ አስቀመጡኝና አንድ ካርቶን የባትሪ ድንጋይ ፊቴ ዘረገፉት። ሥራዬ ድንጋዮቹን በመለኪያ እየፈተሽኩ አራት አራቱን ማዛመድ ነበር። ጉልበታቸው እኩል የሆኑትን በላስቲክ አስሬ ወደ ሳጥን፣ የደከመውን ለብቻው። አንድ ፍላሽ፣ ካሜራው ላይ የሚሰካው መብራት፣ አራት ድንጋይ ይጎርሳል። «አንዱ ከደከመ ሦስቱን ያደክማቸዋል» አሉኝና ወደ ደንበኞቻቸው ተመለሱ።

እዚህ አገር የመጣሁት ባለቤቴን ተከትዬ ነው። እሱ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የጭነት መኪና ይነዳል። እኔ አዳማ ሳለሁ ፎቶ ማንሳት ተምሬ ነበር። አሚ ሳሌም ደግሞ ሴት ፎቶ አንሺ አጥብቀው ይፈልጉ ነበር፤ በዚህ ከተማ ሰርግ የሴቶቹ ድግስ ብዙ ጊዜ ወንድ አያስገባም።

አሚ ሳሌም የየመን ሰው ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት ግን ድሬዳዋ ነው። «አሚ» በዐረብኛ አጎቴ ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። በመጀመሪያው ሳምንት «እርስዎ» ስላቸው ጊዜ ሳቁ። የድሬ ልጅ አንተ ሲባል ነው ደስ የሚለው አሉኝ። እኔ ግን አፌ እምቢ አለኝ፤ እስከ ዛሬም እርስዎ ነው የምላቸው።

በስቱዲዮው ሥራ በደረጃ ነበር። ድንጋይ ፈታሽ ሆኜ ሦስት ወር፣ መብራት ያዥ ሆኜ ስድስት ወር ሠራሁ። ከዚያ የጉርድ ፎቶ ተሰጠኝ። የማነሳቸው አብዛኞቹ ያገሬ ሰዎች ነበሩ፤ ሾፌሮች፣ ወደብ የሚሠሩ፣ ባሕሩን ሊሻገሩ ያሰቡ ልጆች። ሰርግ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ለሰርግ የተላክሁት በሁለተኛው ዓመቴ ነበር።

በሶማሌዎች ሰርግ ሴቶቹ ለሙሽራዋ ሻሽ የሚያስሩላት ቀን አለ። ከሰርጉ በኋላ በሰባተኛው ቀን ነው። ሙሽራዋ ትቀመጣለች፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ጓደኛ ተራ በተራ እየመጣ ራሷ ላይ ሻሽ ያደርግላታል። ከበሮና ዘፈን አለ። አንዷ ሳትነሳ ሌላዋ ትደርሳለች፤ ፎቶ አንሺ ፋታ የለውም።

ፍላሽ ግን ፋታ ይፈልጋል። አንዴ ከበራ በኋላ ከድንጋዮቹ ጉልበት እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ሲሞላ ከጀርባው ቀዩ መብራት ይበራል። ድንጋዩ አዲስ ሲሆን ሦስት አራት ሰከንድ ይፈጅበታል። ሲደክም አሥር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሰው በታጨቀበት ሙቅ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ድንጋዮቹ ቶሎ ይግላሉ።

በዚያ በመጀመሪያው ሰርጌ የሙሽራዋ እናት ተራቸውን የወሰዱት ከሁሉ በኋላ ነበር። ሻሹን ልጃቸው ራስ ላይ አድርገው ግንባራቸውን ግንባሯ ላይ አስደገፉና አለቀሱ። ማንሻውን ተጫንኩ። ቀዩ መብራት አልበራም ነበር። ድጋሚ ስጫን ፍላሹ በራ፤ እሳቸው ግን ቀና ብለው ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። የፊተኛውን ፎቶ ስቱዲዮ መጥቼ ሳየው ጥቁር ነው፤ ከጥግ የአንድ አምፖል ነጥብ ብቻ።

ለአሚ ሳሌም አሳየኋቸው። ካሜራው ተበላሸ እንድል የሚመክሩኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የሙሽራዋ እናት ቤት ሄጄ ቁርጡን እንድናገር አዘዙኝ፤ አብረውኝም መጡ። እናትየዋ አዳመጡን። ስጨርስ ልጃቸውን ጠርተው ሻሹን አስመጡ፤ እንደገና ራሷ ላይ አድርገው «በይ አንሺ» አሉኝ። አነሳሁ፤ ጥርት ብሎ ወጣ። ስንሰናበት በሩ ላይ ቆሙና «ደህና ነው» አሉኝ። «ዛሬ ግን አላለቀስኩም።»

አሚ ሳሌም ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ አንድ ከባድ ጥቁር ሳጥን በቀበቶ አንጠልጥለው መጡ። ጥቅም ላይ የዋለ የፍላሽ ባትሪ ነው፤ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ ነው ያገኙት። ወገብ ላይ ይታጠቃል፤ አንድ ሜትር የምትሆን ጥምዝምዝ ገመድ አለችው፤ ገመዷ ፍላሹ ጎን ላይ ትሰካለች። ፍላሹ በዚህ ባትሪ በአንድ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ይሞላል።

አጠቃቀሙን ሁለት ቀን ሙሉ አስጠኑኝ። መጀመሪያ ፍላሹ ይጠፋል፤ ገመዱ ይሰካል፤ የመሰኪያው ቀለበት ይጠብቃል፤ ከዚያ ባትሪው፣ በመጨረሻ ፍላሹ ይበራል። ሲነቀል በተገላቢጦሽ ነው። አራቱ ድንጋዮችም ከፍላሹ አይወጡም፤ ትልቁ ባትሪ ብርሃኑን ይሞላል እንጂ የፍላሹን አእምሮ የሚያሠሩት እነሱ ናቸው። መሰኪያውን ላብ እንዳይነካው፤ ሳጥኑም በምንም ምክንያት እንዳይከፈት፤ ውስጡ ያለው ኃይል ሰው ይጥላል።

ባትሪውን ታጥቄ በሄድኩበት የመጀመሪያ ሰርግ እንደ እብድ አነሳሁ። ስጫን ይበራል፣ ስጫን ይበራል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። የፍላሹ ግንባር ቡናማ ሆኖ ተጨማድዶ ነበር።

ይቆጡኛል ብዬ ፈራሁ። አሚ ሳሌም ፍላሹን ገልበጥ አድርገው አዩትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «በፊት ሲዘገይብሽ ራሱን እያሳረፈ ነበር» አሉኝ። «አሁን ማሳረፉ ያንቺ ሥራ ሆነ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ እቆጥራለሁ። በተከታታይ ሃያ ካነሳሁ ፍላሹን አጥፍቼ እንዲቀዘቅዝ እተወዋለሁ።

በአምስተኛው ዓመት አረገዝኩ። ስድስት ወር ሲሞላኝ ቀበቶው አልዘጋ አለ። ሳጥኑን ትከሻዬ ላይ ባንጠለጥለው ጀርባዬን ያመኝ ጀመር። ሙቀቱ ጋብ የሚልበትና ሰርግ የሚበዛበት ወቅት ነበር። አሚ ሳሌም እስክወልድ ሰርግ ይቅር አሉ። እኔ መቅረት አልፈለግሁም። ባለቤቴ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ነው፤ ብቻዬን ቤት መዋል ያስፈራኝ ነበር።

ይህን ስንነጋገር የአሚ ሳሌም ባለቤት ምሳ ይዘው መጥተው ቆመው ይሰሙ ነበር። ኻልቲ ሐሊማ እላቸዋለሁ፤ ኻልቲ አክስቴ ማለት ነው። እዚሁ ከተማ ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር ተወላጅ፣ ሶማሌ ናቸው። አማርኛ የለመዱት ከባላቸውና ከስቱዲዮው ደንበኞች ነው፤ አጠር አጠር አድርገው ነው የሚናገሩት። ልጅ አልወለዱም። የምሳውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «እኔ እይዘዋለሁ» አሉ።

አሚ ሳሌም ሳቁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሚስታቸው ምሳ ከማምጣት አልፈው ካሜራ ቀርበው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ኻልቲ ሐሊማ ግን የምራቸውን ነበር። በማግስቱ ከወፍራም ጨርቅ ቦርሳ ሰፍተው መጡ። ባትሪው እንዲተነፍስ ጎኑ ላይ መስኮት አውጥተውለታል፤ ለገመዷም ቀዳዳ።

እንዲህ ሆነን መሄድ ጀመርን። እኔ ሆዴን አስቀድሜ፣ እሳቸው ቦርሳውን በሻሻቸው ሥር ትከሻቸው ላይ አድርገው ከኋላዬ፤ መካከላችን አንድ ሜትር ገመድ። እኔ ስራመድ ይራመዳሉ፤ ስንበረከክ ይንበረከካሉ። መጀመሪያ ላይ ሴቶቹ እያዩን ይስቁ ነበር። ኻልቲ ሐሊማ ባትሪው ያቃጥለኛል ብለው እየፈሩ ቶሎ ቶሎ በመዳፋቸው ይዳብሱት ነበር።

በሁለተኛው ሰርግ ላይ ገመዱ ሳብ ሲል ተሰማኝ። ዞር ስል ኻልቲ ሐሊማ በአገጫቸው ወደ ቀኝ ጠቆሙኝ። የሙሽራዋ ታናሽ እህት ከመጋረጃው ሥር ቁጭ ብላ የሙሽራዋን ጫማ ለክታ እያየች ነበር። አነሳኋት። ነገር ግን መሰኪያው እንዳይሰበር ፈራሁና ገመዱን እንዳይስቡት ለመንኳቸው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጣታቸውን ወገቤ ላይ ማሳረፍ ጀመሩ፤ ግራውን ሲነኩኝ ወደ ግራ፣ ቀኙን ሲነኩኝ ወደ ቀኝ። ለመልመድ አላስቸገረኝም። እኔ የማየው በሌንሱ ነው፤ እሳቸው አዳራሹን ሁሉ ያያሉ።

እርግዝናዬ ስምንት ወር ሲሆነው ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ አንድ የሻሽ ድግስ ነበረን። ከአስር ሰዓት ጀምሮ ሴቶቹ ሲያስሩ እኔ ሳነሳ ቆየሁ። ሃያዬ ሳይሞላ ኻልቲ ሐሊማ አሳርፊው አሉኝ። ገና አሥራ ሁለት ነው አልኳቸው። «አሳርፊው» አሉ ደግመው። ፍላሹን አጠፋሁ፤ ውኃ ጠጣሁ፤ ወንበር ላይ ትንሽ አረፍ አልኩ። እሳቸው አልተቀመጡም።

ጥቂት ቆይተው እንዳበራው ነገሩኝ። አብርቼ ወደ ሙሽራዋ ስዞር ሁለት ጣት ግራ ወገቤን ነካኝ። ዞርኩ። በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች፤ በሁለት እጇ የታጠፈ ሻሽ ይዛለች። አትገባም፤ አትመለስም። አነሳኋት። ከበሮው ቀጥ አለ። የሙሽራዋ ታላቅ እህት መሆኗን፣ ሳይፈቀድላት አግብታ ከቤተሰቡ ጋር ከተለያየች ዓመታት ማለፋቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከዚያ የሆነው ሁሉ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። እናትየዋ እጃቸውን ዘረጉ። ሙሽራዋ መነሳት ሳይገባት ከነሻሹ ብድግ አለች። እህትየዋ ሮጣ መጣች፤ ሻሹ መንገድ ላይ ወደቀባት። ስጫን ይበራል፤ ስጫን ይበራል። አንዱም አላመለጠኝም። ኻልቲ ሐሊማ ከኋላዬ እንደ ጥላ ነበሩ፤ ገመዱ አንዴም አልተወጠረም።

ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ እንዴት አወቁ ብዬ ጠየቅኋቸው። ገረማቸው። «እናትየዋን አላየሻትም?» አሉኝ። «ከመጣን ጀምሮ በሩን ነው የምታየው።»

እናትየዋ በሳምንቱ ስቱዲዮ መጡ። አሚ ሳሌም የእህትማማቾቹን ፎቶዎች ደርድረው አሳዩዋቸው። የተቃቀፉባትን በትልቁ ለማተም አዘጋጅተን ነበር። እሳቸው ግን የመጀመሪያዋን አነሱ፤ በሩ ላይ የቆመችባትን። አሚ ሳሌም የምትበልጠው የተቃቀፉባት ናት ቢሏቸው በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሲተቃቀፉ ካሁን በኋላም አያቸዋለሁ» አሉ። «ይቺ ግን የመጣችበት ናት።»

ያቺን ፎቶ ያገኘኋት በባትሪው ፍጥነት አይደለም። አንድ ብልጭታ ናት፤ አሮጌዎቹ አራት ድንጋዮችም ባበሯት ነበር። ይህን ለአሚ ሳሌም ነገርኳቸው። በዚያን ዕለት ምሳ ሲቀርብ ከእንጀራው ለስላሳውን ቆርሰው ለሚስታቸው ሲሰጡ አየሁ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። አርባ ቀን ካለፈ በኋላ ስቱዲዮ ስመለስ ቀበቶውን ልታጠቅ ፈለግሁ፤ ባትሪው ግን ኻልቲ ሐሊማ ትከሻ ላይ ነበር። ወገቤ ተመልሷል፣ አሁን መያዝ እችላለሁ አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ገና ነሽ አሉኝ። ልጄ ከአሚ ሳሌም ጋር ስቱዲዮ ትቀር ነበር፤ እኛ ሰርግ እንሄዳለን። «ገና ነሽ» እንዳሉኝ ሰባት ዓመት አለፈ።

ባለፈው ዓመት ባትሪው ማበጥ ጀመረ። ሲያብጥ ወዲያው መወገድ አለበት፤ ሊነድ ይችላል። አሚ ሳሌም አዲስ ፍላሽ አስመጡ። ባትሪው በሆዱ ነው፤ ድንጋይ አይፈልግም፤ ገመድ የለውም፤ ከአሮጌው ሳጥን እኩል ይፈጥናል። ሞከርኩት፤ ወደድኩት። ኻልቲ ሐሊማ አጠገቤ መሆናቸውን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሰርግ ነበረን። ኻልቲ ሐሊማ ምሳ አቀበሉንና የሰፉትን ቦርሳ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ባላቸውን አላዩም፤ እኔንም አላዩኝም።

«እኔ እንግዲህ አልመጣም» አሉ።

አሚ ሳሌም የያዙትን ሌንስ መወልወል አቆሙ።

«ኻልቲ፣ ብቻዬን አልችልም» አልኳቸው። «እኔ የማውቀው የፍላሹን ነገር ነው። የሰዉን ነገር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

እሳቸውም ቦርሳውን ዘረጉትና የውኃ ጠርሙስ፣ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅና ለኔ ብስኩት ከተቱበት። ትከሻቸው ላይ አድርገውት ታክሲ ሊያስቆሙ ቀድመውኝ ወጡ። አሁን ገመድ ስለሌለን ከበፊቱ ራቅ ብለው መቆም ይችሉ ነበር። አይርቁም።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ ያለኝ ይህ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ባትሪያችሁን ሙሉ፤ ፍላሹ ሲግል አሳርፉት፤ ሰርግ ስትሄዱ ሰው ማየት የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ይሂድ። ፈጣን ባትሪ የሚያገለግለው የት እንደሚዞር ለሚያውቅ ፎቶ አንሺ ነው።