የእትዬ ዘነበች እጅ

ስልኩን ዘጋሁና መልሼ ደወልኩ። የሰማሁትን በትክክል የሰማሁት አልመሰለኝም። የእትዬ ዘነበች ልጅ ሰብለ ሁለተኛም ጊዜ ያንኑ ነው ያለችኝ፤ «እማዬ አረፈች። ዛሬ ጠዋት።»

ኧረ እንዴት ይሆናል? ባለፈው እሁድ እኮ ደውለውልኝ በመብራት መጥፋት ሲማረሩ ነበር። «ተቃውሞዬ ይመዝገብልኝ!» ብለው፣ ስቀው ነው የዘጉት።

ሃያ ሁለት ጀርባ የኖራችሁ ሁሉ ታውቋቸዋላችሁ። የዩኒፎርም ሰፊዋ እትዬ ዘነበች። የስፌት መኪናቸውን በር ላይ አውጥተው፣ ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ አላፊ አግዳሚውን ሲለክፉ የሚውሉት። ሥጋ ሻጩ አጥንት ሲያበዛባቸው «ተቃውሞዬ ይመዝገብልኝ»፣ ወያላው ትርፍ ሲጭን «ተቃውሞዬ ይመዝገብልኝ»። ሰፈሩ ይስቅ ነበር። ከየት እንዳመጡት ግን ብዙዎቻችሁ አታውቁም። ወይም ታውቃላችሁ፣ ዝም ብላችኋል። እንደኔ።

እንደምታዩት ከተማው ግንባታ በግንባታ ነው። የኛም ሰፈር ለልማት ይነሳል ተባለና የወረዳው አዳራሽ ተጠራን። ውይይት ይባላል እንጂ ውሳኔው ተጽፎ ነው የመጣው። «እኛ ነዋሪዎች በልማቱ ሙሉ በሙሉ ተስማምተን፣ መንግሥታችንን እያመሰገንን…» ከኛ የሚጠበቀው እጅ ማውጣት ብቻ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ የእጅ ጽሑፏ ጥሩ ነው ተብዬ።

«የሚደግፍ?» ሲባል አዳራሹ በሙሉ እጅ ሆነ። ቤታቸው የሚፈርስባቸው ሰዎች ናቸው እኮ! አባቴም አወጣ።

«የሚቃወም?» አለ ሰብሳቢው። ይህን የሚለው ለወጉ ነው፣ ቀና ብሎም አያይም።

ከሦስተኛው ረድፍ አንድ እጅ ተነሳ። እትዬ ዘነበች ናቸው፣ ሜትራቸው እንኳን ከአንገታቸው አልወረደም። ሰብሳቢው አይቶ እንዳላየ ወረቀቱን ማገላበጥ ያዘ። እሳቸው አላወረዱም። ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ከክርናቸው ስር ደግፈው ቆዩ። ቁርጥማታቸው ተነሳባቸው ብዬ አዘንኩላቸው። ከዚያ ጮክ ብለው፣ «ወንድሜ፣ ተቃውሞዬ ይመዝገብልኝ» አሉ።

ጻፍኩት። «ተቃውሞ፦ አንድ።»

ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ሰብሳቢው መጣና ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ። «ምንድነው ይሄ? ለአንዲት ሴትዮ ብለን ሰፈሩን እናሰድብ? ገልብጪው።» ዲፕሎማዬን ይዤ ቤት ከተቀመጥኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ የሥራ ማመልከቻዬ ያለው እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። በንጹህ ወረቀት ገለበጥኩት። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

በማግስቱ እትዬን ሁለት ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው። አስራ አንድ ቀን አሰሯቸው። ሲፈቱ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት ልንል ሄድን፣ ግን በፊት ለፊት በር የገባ ጎረቤት አልነበረም። ሁላችንም በጓሮ ነው የገባነው። ፊታቸው ከስቷል። እኔን አቅፈው ሳሙኝና ቀስ ብለው፣ «የኔ እጅ ተጽፏል አይደል?» አሉኝ።

«ተጽፏል እትዬ» አልኳቸው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ደግመው አወጡ። አስራ አንድ ቀን ከታሰሩ በኋላ! ያችኑ እጅ፣ ክርናቸውን ደግፈው። እኔም ደግሜ አልጻፍኳትም።

ሰፈሩ ፈረሰ። እሳቸውን ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አወጧቸው። ዩኒፎርም ላሰፋ ብሎ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ማን አለ? የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሳ ቀረች። እሳቸው ግን አቤቱታ አስገቡ። «ቃለ ጉባኤው ይውጣ፤ እኔ አልተስማማሁም፣ ተጽፏል» አሉ። መነጽራቸው ተሰብሮ ስለነበር፣ «የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ ነይ አንብቢልኝ» ብለው እኔኑ ይዘው ወረዳ ሄዱ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ሠራተኛው ፋይሉን ዘረጋው። የኔው ጽሑፍ፣ ያው ጥሩ የተባለው።

«በሙሉ ድምፅ…» ብዬ አነበብኩ።

«እንግዲህ እናቴ፣ ተስማምተዋል» አላቸውና ዘጋው። በቃ። የቀረቻቸው ተስፋ ያቺ ነበረች፤ እኔ ነኝ ያጠፋኋት።

ታክሲ ተራ ድረስ ክንዴን ይዘው ሄዱ። ይጮሁብኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ነበር፤ ምነው በረገሙኝ። ወረፋው ላይ ቆመን፣ «ፈርተሽ ነው አይደል?» አሉኝ። ማልቀስ ጀመርኩ።

«እኔም እኮ ፈርቼ ነበር» አሉ። «ክርኔን የያዝኩት ለምን መሰለሽ? ሲንቀጠቀጥ እንዳያዩብኝ ነው።»

ለማንም አልነገሩብኝም። ለልጃቸውም። ሰብልዬ፣ ዛሬ በሐዘንሽ ቀን ከዚህ ስላነበብሽው ይቅር በዪኝ።

የኛ ቦታ አሁንም በቆርቆሮ እንደታጠረ ነው። ውስጡ ሣር በቅሏል እንጂ ፎቅም የለበትም። እኔ ደግሞ እዚያው ወረዳ ተቀጥሬ እየሠራሁ ነው። ነገ ጠዋት «ያንን ፖስት አጥፊው» የሚለኝ አይጠፋም። አላጠፋም ብዬ ብምል ደስ ባለኝ፤ ግን ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ያያችሁት ሁሉ አሁኑኑ ገልብጡልኝ።

እትዬ፣ መድኃኔዓለምን ሳይሳለሙ የማይውሉት ሴት፣ ነገ የሚቀበሩት እዚያ ከተማው ዳር ነው አሉ። የሚመለስ ቤት የለም፣ አቤት የሚባልበት ቢሮም የለም። በጣም ዘግይቻለሁ። ግን ይኸው በስሜ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ጽፌዋለሁ፦ የሚቃወም አንድ፤ ወይዘሮ ዘነበች።

ደህና ይሁኑ እናቴ። ክንድዎ ደክሟል፣ አሁን ያውርዱት።