ኮሶ የጠጣሁ ዕለት

በዚህ ዘመን ኮሶ ጠጣሁ ብሎ ማውራት ያሳፍራል። ኪኒኑ በየመድኃኒት ቤቱ ሞልቷል። እኔ ግን አዲሱ ገበያ ከጓደኞቼ ጋር ጥሬ ሥጋ ስቆርጥ ከርሜ ሆዴ ሲያስቸግረኝ የነገርኩት ለእናቴ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ለትል ከኮሶ ሌላ መድኃኒት መኖሩን አታምንም። ማታ የደረቀውን አበባ ወቅጣ ዘፈዘፈችው፤ ንጋት ላይ በባዶ ሆዴ አፍንጫዬን ይዤ ጨለጥኩት።

የኮሶ ቀን በእኛ ቤት ደንብ አለው። የጠጣው ሰው ተከናንቦ ይተኛል፤ ሥራ አይሠራም፣ ወሬ አያወራም። ወደ ሽንት ቤት ሲመላለስ ያገኘውም ሰው እንዳላየ ያልፈዋል እንጂ ሰላም አይለውም፤ በዚያ ሁኔታ አቁሞ እንዴት አደርክ ማለት ማሳፈር ነው። እኔ ይሄ ሁሉ የእናቴ ፈሊጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ያን ሰሞን ልቤ የተንጠለጠለው ሌላ ነገር ላይ ነው። ለማገባት ልጅ ሽማግሌ ልከን የአባቷን መልስ እየጠበቅን ነበር። አባቷ ሸጎሌ ከብት ይነግዳሉ፤ ቁጥብ ሰው ናቸው፣ መልሳቸውም ዘገየ።

ረፋዱ ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ በአንድ እጄ ሱሪዬን ይዤ ወደ ጓሮ ስሮጥ፣ ግቢው መሀል አባቷን ከእናቴ ጋር ቆመው አገኘኋቸው። ሳይናገሩ ቤታችንን ሊያዩ መምጣታቸው ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እንደምንም ጎንበስ ብዬ እንደምን አደሩ አልኳቸው። አንዴ አዩኝና ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። አንዲት ቃል አልመለሱልኝም።

ተመልሼ ከተኛሁ በኋላ እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ "ሄደዋል። የሳቸውን ነገር ነገ እናወራዋለን፤ ዛሬ በቃ ዝም ብለህ ተኛ" አለችኝ።

አልተኛሁም። አንጀቴ ተጥቦ፣ ራሴ እየዞረ፣ ውርደቱን ሳመነዥክ ቆየሁ። ልጄን አልሰጥም ማለት መብታቸው ነው፤ የእግዜር ሰላምታ መንፈግ ግን ምን የሚሉት ነው? ምሳ ሰዓት ላይ ለልጅቷ ደወልኩላት።

"አባትሽ ባለጌ ነው" አልኳት፣ አንቱታውንም ትቼ። "ዕድሜውን ሙሉ በሬ ሲያገላብጥ የኖረ፣ ሰውን በምን ያውቀዋል?"

 እሷ ግን "እሺ፣ አሁን ተኛ" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በማግስቱ ጠዋት የእናቴን የዶሮ ሾርባ እየጠጣሁ ሳለ አባቷ ማር በብልቃጥ ይዘው ገቡ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። "እንዴት አደርክ? አሻረህ? ሆድህ ረጋልህ?" ጥያቄው ማለቂያ አልነበረውም። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡ።

"ትናንት ሰላም ያላልኩህ ኮሶ ላይ ሆነህ ነው። እናትህ ነግረውኝ ነበር። ስላየሁህ እንዳታፍር ብዬ ዞር አልኩ። እኛም ቤት ደንቡ እንዲሁ ነው። ይሄን ያልተወ ቤት በማግኘቴ ደስ ብሎኝ፣ ልጄን ለመስጠት ከዚህ ስወጣ ቆርጬ ነበር።"

የሾርባውን ሳህን አስቀመጥኩ። ትናንት ያልኩትን ልጅቷ አልነገረቻቸው ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

"ስትደውልላት አንድ ማዕድ ላይ ነበርን" አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ። "ስልኩ ጮክ ይላል።"

ተነሥቼ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ።  ብብቴን ይዘው አነሡኝ።

"ተው፣ ደካማ ነህ። ኮሶ ላይ ሆነህ የተናገርከው ነው፤ አልሰማሁትም" አሉኝ።

ልጅቷን አገባኋት። አማቼ ባገኙኝ ቁጥር ጤናዬን፣ ሥራዬን፣ እናቴን አንድ በአንድ እየጠየቁ ሰላም ይሉኛል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ዓይናቸውን እያየሁ መመለስ አልቻልኩም።